ከጆሮና ከመንጋጭላ ሥር ስለሚወጣ የምራቅ ዕጢ እብጠት
ለሐይቅና ለአምባሰል ገበሬዎች ቤተ ሰብ የተጻፈ ምክር



በሐይቅና በአርዲቦ ባሕር ዳር ባለው ረግረግ መስክ ሲግጥ የከረመ በግ፥ ከአገጩ ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት የመሰለ እብጠት ሲያወጣ ሳያዩ አይቀሩም። ልምድ ያለው በግ አርቢ ይህን እብጠት አይበጣውም። እብጠቱ የሚታየው ከአገጭ ሥር ቢሆንም በሽታው ያለው በጉበት ውስጥ መሆኑን ያውቃልና። በረግረጉ ውስጥ ከምትኖረው ትንሽ ቀንድ አውጣ የወጣው የጉበት ትል ከሣሩ ጋር ተበልቶ ጉበቱን ስለ ጎዳው፥ የበጉ ደም ቀጥኗል፤ ውሃውም ወደ አገጩ ሥር ወርዷል። ስለዚህ አርቢው ምላጩን ትቶ የትል መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ከረግረጉም ያርቀዋል።

ለበጉ ይህን ያህል የሚያስተውል ሰው የልጁ ጉንጭ ያበጠ ጊዜ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማስተዋል ይገባዋል። ይሁን እንጂ ልጅ ከጆሮው ሥር ሲያብጥ አንዱ ጎረቤት ምላጭ፥ ሌላው የጋለ ብረት፥ ሦስተኛው ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ይዞ ቢመጣ፥ የተጨነቀ ወላጅ እንቢ ለማለት ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ከጆሮና ከመንጋጭላ ሥር የሚወጣው እብጠት አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። አብዛኛው በዕረፍትና በመጠጥ ይድናል፤ ጥቂቱ ሐኪም ይሻል። በቤት ውስጥ መበጣት ወይም መተኮስ የሚገባው ግን አንድም የለም።

የምራቅ ዕጢዎች የት ናቸው? ሥራቸውስ ምንድን ነው?

ሰው በአፉ ግራና ቀኝ ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉት። ከሁሉ የሚበልጡት በጉንጭ ላይ ከጆሮ ፊትና ከጆሮ ሥር ይገኛሉ። ሁለተኞቹ ከመንጋጭላ አጥንት ሥር፥ ሦስተኞቹም ከምላስ ሥር ናቸው። እነዚህ ዕጢዎች በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫሉ። ምራቅ እህሉን ያለሰልሳል፤ አፍንና ጥርስንም ያጥባል።

እያንዳንዱ ዕጢ ምራቁን ወደ አፍ የሚያፈስበት ቀጭን ቧንቧ አለው። በጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ቧንቧ የሚከፈተው በጉንጭ ውስጥ፥ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ነው። ይህን ቧንቧ እንደ መስኖ ቦይ ይቍጠሩት። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ቦዩ ይጠራል፤ ውሃው ሲያንስ ወይም ደለል ሲዘጋው ግን ይቆማል፥ ይሸታልም። የምራቅ ቧንቧም እንዲሁ ነው።

አሁን አንድ ነገር አጥብቀው ያስታውሱ። በጆሮ ሥር ባለው ዕጢ መካከል ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል። ዐይን የሚከደነው፥ ከንፈርም የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነርቭ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ምላጭ ያሳረፈ ሰው ነርቩን ቢቈርጠው የልጁ ፊት ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፤ ዐይኑም አልከደን ይላል፤ ይህም ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ቧንቧው ቢቈረጥ ደግሞ ምራቁ በጉንጭ ላይ ሲፈስ ይኖራል። በዐሥር ቀን ውስጥ በራሱ በሚጠፋ እብጠት ምክንያት እንዲህ ያለ ጉዳት በልጅ ላይ ማድረስ እጅግ ያሳዝናል።

ስለ ጆሮ ደግፍ

በልጆች ላይ በድንገት ከሚታየው የምራቅ ዕጢ እብጠት ይበልጥ የሚታወቀው ጆሮ ደግፍ ነው። በሽታው አዲስ አይደለም፤ ከ2,400 ዓመት በፊት የነበረው የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራጥስ በጣሶስ ደሴት ስላየው የጆሮ ሥር እብጠት ጽፏል። ምክንያቱ በዐይን የማይታይ፥ ቫይረስ የሚባል ደቃቅ ተሐዋሲ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ ከላም ወይም ከበግ አይመጣም። ብርድ ወይም የሰው ዐይንም አያመጣውም።

ቫይረሱ የሚገኘው በታመመው ሰው ምራቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲስል፥ ሲያነጥስና ቀርቦ ሲያወራ ወደ ሌላው ይደርሳል። በአንድ ዋንጫ ወተት መቀባበል፥ ያልታጠበ ሲኒ ማዞር፥ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው በተነካካ እጅ መጐራረስም ያስተላልፈዋል። ፍቅራችንን የምንገልጽበት ጉርሻ በዚህ በሽታ ጊዜ ለጥቂት ቀን ቢቀር ፍቅር አይጎድልም።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሰውየው እስኪታመም ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀን ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜ በ12 ቀን ይታያል፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 25 ቀን ይቆያል። እንግዲህ በጥር ሠርግ ላይ አብረው የተጫወቱ ልጆች በየካቲት ቢያብጡ በሽታው ከየት መጣ ብለው አይደነቁ።

መጀመሪያ ልጁ ትኩሳት ይሰማዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ምግብም ይጠላል። ከዚያ በኋላ ከጆሮው ሥር ያብጣል። ስሙም እንደሚያመለክተው እብጠቱ ጆሮውን ከሥሩ ደግፎ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የመንጋጭላው ማዕዘንም በእጅ ሲዳሰስ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ጀምሮ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በሌላውም ወገን ያብጣል። ሲያኝክና ሲውጥ ያመዋል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲቀምስ ሕመሙ ይብሳል። እብጠቱ እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጎድላል። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳያብጥ ቫይረሱን ይዞ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የታመመው ሰው በሽታውን የሚያስተላልፈው ከማበጡ 2 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ጀምሮ ካበጠ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ ነው። ስለዚህ ካበጠበት ቀን አንሥቶ 5 ቀን እስኪሞላ ድረስ ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ገበያና ወደ ቅሬ ስብሰባ አይሂድ።

ጆሮ ደግፍ ቀላል በሽታ ነውን?

ለአብዛኞቹ ልጆች ቀላል ነው። ነገር ግን ለአቅመ አዳም ለደረሱ ወንዶች ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ክትባት ካልወሰዱት ከእነዚህ መካከል በበሽታው ከተያዙ 10 ወንዶች እስከ 3 የሚሆኑት፥ ጉንጫቸው ካበጠ ከሳምንት ያህል በኋላ፥ የዘር ፍሬያቸው ያብጣል፤ ትኩሳቱም ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጠው በአንድ ወገን ነው።

በዚህ ጊዜ ጎረምሳው በሃፍረት ደብቆት ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻ ይወጣል። ይህ ስሕተት ነው። ሕመሙ እስኪያልፍ ድረስ መተኛት፥ የዘር ፍሬውንም በንጹሕ ጨርቅ ከሥሩ ደግፎ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ማብረድ፥ ወደ ጤና ጣቢያም መሄድ ያስፈልገዋል። «መካን ሆኜ ቀረሁ» ብሎ የሚፈራ ካለም ይጽናና፤ ከዚህ የተነሣ ፈጽሞ መካን የሚሆን ሰው ጥቂት ነው። አባት ለልጁ ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ልጁ ሕመሙን አይደብቅም።

በሽታው አልፎ አልፎ የአንጎልን ሽፋን፥ ቆሽትንና በሴቶች የዕንቁላል ዕጢን ያስቈጣል። ከብዙ ሰው አንዱን ደግሞ በአንድ ጆሮ ያደነቍራል። የአደጋውን ምልክት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ስለዚህ በሱቅ የሚሸጠውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ለጆሮ ደግፍ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው። መከላከያ ክትባት ግን አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሞሪስ ሂልማን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት፥ የ5 ዓመት ሴት ልጁ በጆሮ ደግፍ ስትታመም ቫይረሱን ከጉሮሮዋ በጥጥ ወስዶ ክትባቱን አዘጋጀ፤ በ1967 እ.ኤ.አ.ም ፈቃድ አገኘ። በብዙ አገሮች ከኩፍኝ ክትባት ጋር ተቀላቅሎ በአንድ መርፌ ይሰጣል። በአገራችን ልጆች በ9 ወራቸውና በ15 ወራቸው የሚወስዱት የኩፍኝ ክትባት ግን ከጆሮ ደግፍ አይጠብቅም። ክትባቱን ያስወስዱ፤ ኩፍኝ ገዳይ ነውና። ነገር ግን «ልጄ ተከትቧል፥ ጆሮ ደግፍ አይዘውም» ብለው አይዘናጉ።

እብጠት ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም

እብጠት ባዩ ጊዜ አራት ነገር ይጠይቁ። በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለት? ያማል ወይስ አያምም? ሲበሉ ብቻ ያብጣል ወይስ ሁልጊዜ? ካበጠስ ስንት ቀን ሆነው? ከመልሱ ብዙ ይረዳሉ።

1ኛ፤ በአንድ ወገን ያበጠ፥ ቆዳው የቀላና የሚያቃጥል፥ ከትኩሳትም ጋር የሆነ እንደ ሆነ፥ ባክቴሪያ በቧንቧው ገብቶ ይሆናል። ይህ በይበልጥ የሚያጠቃው ሽማግሌዎችን፥ በተቅማጥ የደከሙትንና ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉትን ነው። አፍን በብርሃን ከፍተው ሲመለከቱ ከላይኛው መንጋጋ ትይዩ ካለው ቀዳዳ መግል ሲወጣ ይታይ ይሆናል፤ አፍም ይመርራል። ይህ የሐኪም መድኃኒት ይሻል፤ ቀን አይሰጡት። ጫት ሲቅም የሚውል ሰው አፉ ስለሚደርቅ ውሃ ማብዛት ይገባዋል። በጾም ወራት የታመመ ሰውም ቢሆን ውሃ እንዲጠጣ ከነፍስ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይመካከር፤ ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መላ አለው።

2ኛ፤ ምግብ ሲቀርብ ከመንጋጭላ ሥር አብጦ የሚያምና ከምግብ በኋላ ቀስ በቀስ የሚጎድል ከሆነ፥ በቧንቧው ውስጥ ትንሽ ጠጠር ተሠርቶ ምራቁን ዘግቶታል ማለት ነው። ይህ ሰው ውሃ አብዝቶ ይጠጣ፤ ሎሚ ይምጠጥ፤ ዕጢውንም በሞቀ ጨርቅ እያሸ ወደ አፍ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይግፋው። ትንሽ ጠጠር በዚህ ሊወጣ ይችላል፤ እምቢ ካለ ሐኪም ያወጣዋል። በጆሮ ደግፍ ጊዜ የሚያሳምመው ሎሚ እዚህ ላይ የሚረዳው ምራቁን ስለሚያፈስሰው ነው።

3ኛ፤ በሁለቱም ጉንጭ ሳያም ያበጠና ሳምንታት የቆየ እብጠት ሌላ ነገር ይናገራል። ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው የጆሮ ሥር ዕጢዎቹ ሳያምሙት ያብጣሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኃብ ያዩ አረጋውያን የተራበ ሕፃን ፊቱ ወፍሮ ሲታይ ጠግቧል ማለት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሕፃናትም እንዲህ ያብጣሉ። ስለዚህ ልጁን ያስመርምሩት፤ መድኃኒት አለና ከመፍራት ማወቅ ይሻላል።

4ኛ፤ ከጆሮ ሥር ወረድ ብሎ በአንገት ላይ የሚወጣ፥ ቀስ ብሎ የሚያድግና እምብዛም የማያም ንፍፊት ከምራቅ ዕጢ አይደለም። በአገራችን የቲቢ በሽታ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የአንገት ንፍፊትንም ያጠቃል። ይህን የበጣ ሰው ለብዙ ወር የማይደርቅ ቍስል ያተርፋል። መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ሳያቋርጡ ይውጡታል። ከታመመች ላም የሚታለብ ጥሬ ወተትም ቲቢ ስለሚያስተላልፍ ወተት አፍልተው ይጠጡ። ከጉሮሮ ፊት ለፊት የሚወጣው እንቅርትም ሌላ ነው፤ እርሱ ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ ስለ ሆነ አዮዲን የገባበትን ጨው መጠቀም ይከላከለዋል። የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስም መንጋጭላን ያሳብጣል። ጠንካራና የማያም ጓል ሆኖ ከወር ወደ ወር የሚያድግ ካለ ዕባጭ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ልጅዎ ጆሮ ደግፍ በያዘው ጊዜ እንደሚከተለው ያድርጉ።

ሀ) ያስተኙት፤ ከብት ጥበቃም አይላኩት።

ለ) ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፥ አጥሚት፥ ሾርባና የፈላ ወተት በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ሲያኝክ ስለሚያመው ቈሎና ደረቅ ቂጣ ትተው ለስላሳ ገንፎ ያብሉት። ሎሚና ብርቱካን ለጊዜው ይቅር።

ሐ) ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ነክረው ባበጠው ላይ ያድርጉለት፤ የሚያሳርፈውን ልጁ ራሱ ይመርጣል።

መ) በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ትልቅ ልጅ ከሆነ በቀን ደጋግሞ ይጉመጥመጥ። ጥርሱንም በራሱ መፋቂያ ያጽዳ፤ መፋቂያ አይዋስ፥ አያውስም።

ሠ) ለትኩሳትና ለሕመም የጤና ባለሙያ በወሰነለት መጠን ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ረ) ዋንጫውና ማንኪያው የብቻው ይሁን፤ በሳሙናም ይታጠብ። የሚያስታምመው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ወንድሞቹና እኅቶቹ ቢቻል ከእርሱ ጋር አይተኙ።

ጥላሸት መቀባት ልጁን አያድነውም። የጋለ ብረት ቈዳን አቃጥሎ ለቍስልና ለመግል በር ይከፍታል። ምላጭ ያደረሰውን ጉዳት ከላይ አይተናል፤ አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው ሲያገለግልም ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ከደም ወደ ደም ያሻግራል። «የበጣነው ልጅ ድኗል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፥ ያልተበጡትም በዚያው ሳምንት መዳናቸውን ያስታውሱት።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስሄዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ባዩ ጊዜ ነገ እናያለን አይበሉ።

ብርቱ የራስ ምታት፥ የአንገት መድረቅ፥ ማስመለስ፥ መንዘፍዘፍ ወይም ራስን መሳት። አፍን ለመክፈት፥ ምራቅን ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር፤ ወይም ከምላስ ሥር አብጦ ምላስን ወደ ላይ ማንሣቱ። የዘር ፍሬ ወይም የሆድ ብርቱ ሕመም። የአንድ ጆሮ በድንገት አለመስማት። የፊት መጣመም። የቆዳ መቅላትና መግል። ከ4 ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት። ከ2 ሳምንት በላይ ያልጎደለ እብጠት። እንዲሁም ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ያበጠ እንደ ሆነ ምልክት ሳይጠብቁ ያሳዩት።

በመጀመሪያ በቀበሌዎ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያማክሩ። የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ገበሬው ሩቅ ሳይሄድ ምክር እንዲያገኝ ነውና። ከእርስዋ በላይ የሆነውን ሐይቅ ወይም ውጫሌ ወዳለው የጤና ተቋም ትልካለች፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ደሴ ወዳለው ሆስፒታል ይላካል። ከአምባሰል ገደል በላይ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖሩ ግን መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው ሌሊት እስኪጨነቅ ሳይጠብቁ በማለዳ ይነሡ። ቃሬዛ የሚያስፈልግ ከሆነ የቅሬው አባሎች ይታደጉ፤ ቅሬ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ሰው እንዳይቀበርም ይጠቅማል።

በመጨረሻ ይህን ያስታውሱ። በጉ ከአገጩ ሥር ሲያብጥ እርስዎ የሚያስቡት ስለ ጉበቱና ስለ ዋለበት መስክ ነው። ልጅዎ ከጆሮው ሥር ሲያብጥም እንደዚሁ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ያጠጡት፤ ያሳርፉት፤ 5 ቀን ከሰው ይለዩት፤ የአደጋ ምልክት ካዩም ወደ ሐኪም ያድርሱት። ምላጩ ግን በሰገባው ይቆይ። ይህንንም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትዎ ያንብቡለት።